እንዳልሰማ ሰው

የብርጓል «እንደገና ይነገራት» ሲባል የሰማችው ከጓዳ ሆና የንፍሮውን ውሃ ስታጠል ነው። የተናገረው የአክስቷ ልጅ ምስጋናው ነበር፤ ድምፁ ከመስኮቱ ሥር ይመጣል። መጀመሪያ ስለ ድንኳኑ ወይም ስለ እድሩ ወንበር የሚነጋገሩ መሰላት። ቀጥሎ አንዲት የማታውቃት ሴት፣ በአነጋገሯ የአዲስ አበባ ልጅ የሆነች፣ «ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ ነው፤ እኛ ማንንም አናስገድድም» ስትል ሰማች። ምስጋናውም «አክስቴ እኮ ናት! እኔ አናግራታለሁ» አለ። የብርጓል ማጥለያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ትኩሱ ውሃ በእጇ ላይ መውረዱን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ወንድሟ የሺዋስ የሞተው ቅዳሜ ማታ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው ተገልብጣ። እሁድ ጠዋት አገር በሙሉ ሰማ። የሺዋስ ሥራው ሰው ማሳቅ ነበር። በየሳምንቱ በሚተላለፍ ድራማ ላይ እንቅልፋም የቀበሌ ዘበኛ ሆኖ ይሠራ ስለነበር ልጆች አረማመዱን እየቀዱ ይሄዳሉ፤ የደብረ ማርቆስ ባጃጅ ነጂዎች ደግሞ ሳቁን የስልካቸው ጥሪ አድርገውታል። ከእሁድ ጀምሮ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ሌላ ነገር መናገር ተወ። የተጨማደደችውን መኪና ከላይ አሳዩ፣ ከጎን አሳዩ፤ አስፋልት ላይ የቀረውን አንድ እግር ጫማ አሳዩ፤ ቁርስ ይበላበት የነበረውን ቤት አስተናጋጅ አቅርበው መጨረሻ ያዘዘውን ምግብ አስነገሯት። ጫማውን ባለፈው ፋሲካ የገዛችለት የብርጓል ነበረች። በከተማው ይህን ሁሉ ያልሰማ ሰው ቢኖር እናቱ እትዬ ደብሪቱ ብቻ ነበረች።

መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ ማታም አይነገርም፤ ሰው ሀዘኑን ይዞ ብቻውን ሌሊት እንዳይገባ ነው። ደግሞ እህቷ ከይጁቤ፣ ወንድሞቿ ከቁይ እስኪገቡ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የብርጓል እሁድን ሙሉ እናቷን ስትጠብቅ ዋለች። የዲሹን ሽቦ ነቅላ «ተበላሽቷል» አለች። ጎረቤት እየመጣ በር ላይ ሲደርስ በዓይኗ መለሰችው። እትዬ ደብሪቱ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም፤ ግን ጆሮዋ ደህና ነው። ቤቷን ከእነሱ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሆነው የጎረቤታቸው የጤናዬ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የየሺዋስን ድራማ ሲያሳይ ነበርና፣ ወደ ማታ ገደማ እትዬ ደብሪቱ ራሷን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጋ «ዛሬ የሺን ምን ነክቶታል፣ ሲስቅ ነው የዋለው» አለች። ፈገግ ብላም ነበር። የብርጓል የሻይ ብርጭቆ ለማጠብ ወደ ጓዳ ሄደች፤ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው።

መርዶው የተነገረው ዛሬ ሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ከፊት፣ ዘመድ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጠንካራ የተባሉ ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ፊቷን እንዳትነጭ፣ ራሷን ከመሬት እንዳታጋጭ እጇን ሊይዙ። የብርጓል ከበሩ ጀርባ ነበረች። መምሬ ቃላቸውን ሳያስረዝሙ ነገሯት። እትዬ ደብሪቱ «እሺ» አለች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና «ተቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ» አለች። ሊይዟት የተዘጋጁት ሴቶች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጥቁር አለበሷት፤ ለበሰች። ድንኳን ውስጥ አስቀመጧት፤ ተቀመጠች። ሰው ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ የሰው ለቅሶ እንደመጣች እንግዳ ቀና ብላ ታያቸው ነበር።

ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት አዲስ አበባ ነው። እዚያ የቀብር ኮሚቴ ተቋቁሞ «ሕዝቡ ይሰናበተው» ብሎ ወሰነ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ይምጣ አይምጣ እናቱን የጠየቀ የለም። ምስጋናው ነው በስልክ «እሺ» ያለላቸው። እናቱ በአሁኑ መንገድ ያንን የታመመ ጉልበት ይዛ ዓባይን ማቋረጥ ስለማትችል ከቤተሰቡ አንድ አጎት ብቻ ሄደ።

የብርጓል እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ግቢው ጥግ ላይ ምስጋናው ከአንዲት ማይክራፎን ከያዘች ልጅና ካሜራ ከተሸከመ ወጣት ጋር ቆሟል። ልጅቱ ሶልያና ትባላለች። ለመርዶው ሊደርሱ እሁድ ከሰዓት ተነስተው ነበር፤ ዓባይ በረሃ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው አደሩ፤ የደረሱት ድንኳኑ ከሞላ በኋላ ነው።

«ምስጋናው፣ ምንድን ነው የምሰማው?»

«ቀስ በይ። ሌላ ቻናል ሳይቀድም ነው።»

«እናቴ እኮ ተነግሯታል።»

«መነገሩንማ ተነግሯታል። ማን አየ?»

 ሶልያና ቀረብ ብላ የብርጓልን ክንድ ያዘች። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ የውሸት ማበጥ አይደለም። «እህቴ፣ እኔም መንገድ ላይ ሳለቅስ ነው የመጣሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ሰዉ ሀዘኑን የሚያወጣበት ፊት ይፈልጋል። እናቱን ማየት ይፈልጋል» አለቻት። ደግ ድምፅ ነበራት። የብርጓል ያንን ድምፅ መቆጣት አልቻለችም፤ በኋላ ደጋግማ ያሰበችው ይህንን ነው።

መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሲጠየቁ ጭራቸውን አነሱ። «የነገርሁትን ነግሬያለሁ። ሰው ሁለት ጊዜ መርዶ አይረዳም» ብለው ወደ ድንኳኑ መጨረሻ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ነጋሪ ጠፋ። ያኔ ጋሽ የኋላሸት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ የኋላሸት በጡረታ ላይ ያሉ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ንግግር ያውቃሉ፤ በሰፈሩ ሽምግልና ሁሉ አሉበት። የእትዬ ደብሪቱ ባል እንዳላማው ከብዙ ዓመት በፊት ከዲማ ሲመለስ ወንዝ ወስዶት የሞተ ጊዜ መርዶውን የነገሯት እሳቸው ነበሩ።

«እኔ ልታይ ብዬ አይደለም» አሉ። «ግን ነገሩ በወጉ መነገር ካለበት...» ካፖርታቸውን ሊቀይሩ ወደ ቤታቸው ሲያመሩ ጤናዬ ከሴቶቹ መሐል ሆና «ጋሼ፣ ክራቫቷን እንዳይረሷት!» አለቻቸው። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነበር፤ ቶሎ ሞተ።

ምስጋናው እትዬ ደብሪቱ እግር ሥር ተንበረከከ። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው።

«ደግማችሁ ልትነግሩኝ?»

«አዎ እትዬ። ለሕዝቡ ነው።»

«መምሬ ናቸው?»

«ጋሽ የኋላሸት ናቸው።»

 «እሺ» አለች። የብርጓል «እማ፣ ካልፈለግሽ...» ስትል እናቷ እጇን አነሳችባት፤ «ይንገሩኝ። ምን ቸገረኝ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እንደ ሥራ ነው የሠራው። ጥቁሩን ቀሚስ የብርጓል ራሷ አወለቀችላት፤ ሌሊት ለብሳው ያደረችውን አበባ ያለበትን ቀሚስ መልሳ አጠለቀችላት። ጨርቁ የእንቅልፍ ሽታ ነበረው። አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችላት። መስኮቶቹ በጋቢ ተሸፈኑ፤ ቀኑ ንጋት እንዲመስል። ድንኳኑን ማፍረስ ስለማይቻል ካሜራው ጀርባውን ሰጠው፤ ለቀስተኛው ግን በሙሉ ተነስቶ ወደ ቤቱ ጓሮ እንዲሄድ ተደረገ። ድምፅ እንዳይገባ ዝም እንዲሉም ተነገራቸው። ስለ ጤፍ ዋጋና ዘንድሮ ስለጠፋው ማዳበሪያ ሲያወሩ የነበሩት ገበሬዎች ሳይቀሩ ዝም አሉ። የብርጓል በሩን ልትዘጋ ስትል በጓሮው በኩል አየቻቸው፤ ያ ሁሉ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ለቅሶውን አፉ ውስጥ ይዞ ቆሟል። አንዲት ሕፃን እንኳ አላለቀሰችም።

ቤቱ ጨለመ። የካሜራው ልጅ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ከእሱ የሚታየው ቀይ መብራቱ ብቻ ነው። የብርጓል «እንደ ጠዋቱ» ስለተባለች ከበሩ ጀርባ ቆመች። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ የእናቷን ፊት አየች። ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፤ ግንባሯ ተፈትቷል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። የትናንቱ ፊቷ ነበር፤ ምንም ያልሰማ ሰው ፊት። የብርጓል ደግሞ ለጥቂት ጊዜ፣ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ፣ ወንድሟ ያልሞተ መሰላት። የሆነ ቦታ ቁርሱን እየበላ ነው። ይህ ስሜት እንዳይሄድባት ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

የመጀመሪያው አልሆነም። ጋሽ የኋላሸት ካፖርታቸውን ቆልፈው ገቡና ቆመው ንግግር አደረጉ፤ ስለ ኪነ ጥበብ፣ ስለ ሰው ልጅ ጉዞ፣ ስለ ጎጃም ልጆች። ስሙ ላይ ሲደርሱ እትዬ ደብሪቱ «እሺ» አለች፤ ልክ እንደ ጠዋቱ። ሶልያና አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ «እትዬ፣ እንደተሰማዎት ይሁኑ፤ ለቅሶ ከመጣ አይያዙት» አለቻት። ወደ ጋሽ የኋላሸትም ዞራ «አባባ፣ አጭር ይሁን። ጠጋ ብለው፣ ዝቅ ብለው» አለቻቸው።

በሁለተኛው ጋሽ የኋላሸት ዝቅ አሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጇን ያዙ። እንዲህ ከተቀመጡ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ጠፍቶ የአንድ ጎልማሳ፣ የደነገጠ ሰው ድምፅ መጣ።

«ደብሪቱ፣ ልብሽን ጠንከር አድርጊ። እንዳላማው አርፏል።»

 ጋሽ የኋላሸት ራሳቸው ያሉትን ገና አልሰሙትም። እትዬ ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች፤ ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ነገር መጣ።

«እንዳላማው?» አለች። «እንዳላማውማ ድሮ ነው። እሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ።» ከዚያ በደረቷ ላይ አማተበችና «ተመስገን» አለች። ሳቅ የመሰለ ትንፋሽ ከአፏ ወጣ።

ጋሽ የኋላሸት እጃቸውን ቀስ አድርገው ከእጇ ላይ አነሱና አፋቸው ላይ ጫኑት። የካሜራው ልጅ ከሳጥኑ ላይ ሆኖ «ይደገም» አለ። «አዎ፣ ይደገም» አለች እትዬ ደብሪቱ። ማንም ሳይነግራት ተመልሳ ተኛች፤ ብርድ ልብሱን ራሷ ሳበች፤ ዓይኗን ጨፈነች። የብርጓል ከበሩ ጀርባ ሆና የምታየው የእናቷን ጆሮ ነበር። ሻሹ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ጆሮዋ ወጥቷል፤ በሩን እየጠበቀ ነው። የብርጓል ያኔ መጮህ፣ በሩን መክፈት፣ ጋቢውን ከመስኮቱ ላይ መቅደድ ነበረባት። ከበሩ ጀርባ አልወጣችም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ምን ሊሉ እንደሆነ መስማት ፈልጋ ነበር።

በሦስተኛው ጋሽ የኋላሸት ገቡ፤ አልተቀመጡም፤ «የሺዋስ ነው፤ ደብሪቱ፣ የሺዋስ ነው» አሉ፤ እየለመኗት ይመስሉ ነበር።

የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። ከአልጋው ላይ ሳይሆን ከወለሉ ሥር የመጣ መሰለ። የቆርቆሮው ጣሪያ መለሰው። እትዬ ደብሪቱ በዚያ ጉልበቷ ከአልጋ ወርዳ መሬት ላይ ነበረች፤ ጥፍሯ ፊቷ ላይ ነበር። ጠዋት ሊይዟት የቆሙት ጠንካራ ሴቶች አሁን ጓሮ ናቸው። የያዛት የለም። ጓሮ የነበረው ሕዝብ ይዞት የቆየውን ለቅሶ በአንዴ ለቀቀው፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ሶልያና እንባዋ አገጯ ላይ ይወርዳል፤ ማይክራፎኑን የያዘው እጇ ግን አልተነቃነቀም። የካሜራው ልጅ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «ተገኘ» አለ።

ከዚያ ጩኸቱ ቆመ፤ ውሃ እንደተዘጋበት ቧንቧ። እትዬ ደብሪቱ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ጉንጯ እየደማ ቀና አለች።

«አሁንስ? ይደገማል?»

«አይ እትዬ፣ ይበቃል። እግዜር ያጽናዎት» አለች ሶልያና።

«አንዴ ብቻ። በመምሬ ይሁን። ጋሽ የኋላሸት አርጅተዋል፤ ስም ይሳሳታሉ።»

«በቃ!» አለች የብርጓል። በሕይወቷ እንዲህ ጮሃ አታውቅም፤ ድምፁ ከማን እንደወጣ ዞረው ፈለጉ። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡልኝ!» ምስጋናው «ምነው እህቴ፣ አለቀ እኮ» እያለ ወጣ። ሶልያናና የካሜራው ልጅም የቀረጹትን ለመላክ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ሆቴል ሮጡ። ጋሽ የኋላሸት በጓሮ በር ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ማታም አልተመለሱም።

እትዬ ደብሪቱ ጥቁሩን ቀሚስ እንቢ አለች። «ኋላ» አለች። በአበባው ቀሚሷ ድንኳኑ አፍ ላይ፣ መግቢያው ከሚታይበት ቦታ ተቀመጠች። ከሰዓት ቀብሩ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር ለቀስተኛው አንድ በአንድ እየተነሳ ወደ ጤናዬ ቤት ገባ፤ መጀመሪያ ወጣቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ በመጨረሻ የይጁቤዋ እህቷ ሳትቀር «አንድ አፍታ ፊቱን አይቼው ልምጣ» ብላ። ባዶ ወንበር ላይ ነፋስ የወረቀት ሰሃን ያንከባልላል። ከግድግዳው ማዶ የማርሽ ሙዚቃና የአንድ ባለሥልጣን ንግግር ይሰማል፤ በመሐሉ የሺዋስ ይስቃል፤ ሰዎቹም ሳያስቡት አብረውት ይስቁና ወዲያው ያለቅሳሉ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት እናትና ልጅ፣ መምሬ ወልደ ሩፋኤልም ናቸው።

ዘግይተው ከገጠር የሚመጡ ነበሩ። ከቁይ በኩል በእግሯ የመጣች አንዲት አሮጊት ገና ከድንኳኑ ሳትገባ «ወየው ልጄን» ብላ ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ እትዬ ደብሪቱ «ቆይ፣ ምን ሰምተሽ ነው የመጣሽ?» አለቻት። አሮጊቷ ግራ ገብቷት ወደ የብርጓል አየች። «ምን ሰማሽ? ንገሪኝ» አለች እትዬ ደብሪቱ፤ ትሕትና ባለው ድምፅ። «የሺዋስን ነዋ፣ እሜቴ» አለች አሮጊቷ። እትዬ ደብሪቱ «እሺ» አለች፤ ዓይኗን ከእሷ ላይ አንስታ ከኋላዋ ወደሚመጣው ሰው አሻገረች። እሱንም ጠየቀችው። ከእሱ ቀጥሎ የመጡትንም። አንድ ሽማግሌ ደንግጠው «ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁ» አሉና እጇን ስመው ወጡ። ለእሳቸው ብቻ ነው ፈገግ ያለችው።

የብርጓል መምሬ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች። «አባ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ይንገሩልኝ። በወጉ። ምናልባት ከእርስዎ ትቀበላለች።»

መምሬ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ከእንግዲህ እኔ ብነግራትም ልምምድ ነው የሚመስላት። ሁሉም ነግሯታል፤ የማታውቀውም ሁሉ ነግሯታል።» ዝቅ ብለው አዩዋት። «አንቺስ? አንቺ ነግረሻታል?»

«እኔ... ጠዋት ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ስደብቅ ነበር።»

«እንግዲህ አንቺ ቀርተሻል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እውነት ነበር። የብርጓል «ሞተ» የሚለውን ቃል ለማንም አልተናገረችም። ስልክ ለደወሉ «አዎ» ብቻ ነበር ያለችው። ለእናቷ ካልነገረች ነገም ከነገ ወዲያም ይች ሴት በአበባ ቀሚስ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ልትጠይቅ ነው፤ ከነገረች ደግሞ የቀራትን የመጨረሻውን በር የምትዘጋባት እሷ ናት። ዙሪያውን እየዞረች ወንበር መደርደር ጀመረች። ወንበሩ አለቀባት።

ፀሐይ ስትጠልቅ እናቷን ደግፋ ወደ ቤት አስገባቻት። መስኮቶቹ ላይ ያለውን ጋቢ ያወረደው የለም፤ ቤቱ ጠዋትም ማታም አይመስልም። እትዬ ደብሪቱ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ጉንጯ ላይ ያለው ጭረት ደርቋል። የብርጓል መብራት ልታበራ እጇን ስትዘረጋ ከግድግዳው ማዶ ጩኸት መጣ። ያ ጩኸት። ቆርቆሮውም ሳይቀር አብሮት ነበር። የጤናዬ ቤት እንግዶች ጸጥ አሉ። ቀጥሎ ለስለስ ያለ ሙዚቃና የሶልያና ድምፅ ተሰማ፤ ምን እንደምትል አይለይም። ከዚያ ጩኸቱ እንደገና መጣ፤ አሁን አዝግመውታል፤ ረዘመ፤ ወፈረ፤ የእንስሳ ድምፅ መሰለ።

እትዬ ደብሪቱ ራሷን ወደ ግድግዳው ዘንበል አደረገች፤ እንደ እሁዱ።

«ምስኪን» አለች። «ማን ሞቶባት ነው?»

የብርጓል ማብሪያው ላይ እጇን እንዳደረገች ቀረች።

«ሰው የላትም እንዴ? እስቲ ሄደሽ ያዣት። ፊቷን ትጎዳለች እኮ።»

ጩኸቱ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። የብርጓል መብራቱን ሳታበራ ተመለሰች፤ አልጋው ጫፍ ላይ አልተቀመጠችም፤ ነጋሪ የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ። መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ አደረገች፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አልተቀመጠችም። የአበባውን ቀሚስ ጠርዝ በጣቶቿ ያዘች።  ማንም በሩን አላንኳኳም፤ ማንም ቀና በይ፣ ዝቅ በይ አላላትም።

«እማ» አለች። «የሺዋስ ሞተ።»

 ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ የነበረው የእናቷ ዓይን ቀስ ብሎ ከበሩ ተነሳ፤ ብርድ ልብሱ ላይ መጣ፤ ከዚያ የብርጓል ፊት ላይ አረፈ፤ እናቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ዘግይታ እንደመጣች፣ ሌላ ነገር ይዛ ትመጣለች ተብላ እንደተጠበቀች ሰው።

«አንቺም?» አለቻት።